ኦንላይን ቁማር ይፈቀድ ወይስ ይዘጋ? ከባንኮኒዬ ጀርባ ያየሁትን ልንገራችሁ

የባንኮኒዋ (ኮምቦልቻ) · ሰኞ፣ ማታ 3፡10

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ናችሁ ጎረቤቶች። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ታገሱኝ።

ኮምቦልቻ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የስልክ ካርድ፣ ቻርጀር፣ ጆሮ ማዳመጫ እሸጣለሁ። የሞባይል ገንዘብም አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩና ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ልጅ ሁሉ በእኔ በር ነው የሚያልፈው። ደመወዝ የሚገባበትን ቀን ለማወቅ ካላንደር አላይም። ሰልፉ ይነግረኛል።

ባለፈው ደመወዝ የገባ ዕለት አንድ ልጅ መጣ። ቢበዛ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። 500 ብር ሰጠኝና «አስገቢልኝ» አለ፤ አስገባሁለት። አልሄደም። በሬ ላይ ያለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ትንሽ ቆይቶ 300 ይዞ ተመለሰ። ቀጥሎ 200። ከዚያ 100። ከዚያ ሌላ 100፤ ይቺኛዋ አራት ቦታ የታጠፈች ነበረች፣ ከካልሲው ሲያወጣት አይቻለሁ። መጨረሻ ላይ 50 ብር ዘርግቶ «እታለም፣ ይቺን ብቻ» አለኝ።

ደመርኩት። 1,250 ብር፣ አርባ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ። ስልኩ ላይ አቪዬተር የሚሉት የቁማር ጨዋታ ነው፤ ያቺ ቀይ አውሮፕላን ወጣ ትላለች፣ ትጠፋለች፣ ወጣ ትላለች፣ ትጠፋለች። ሳትጠፋ ካላወጣህ ብርህ ተበላ። «የቤት ኪራይ ነው እንዴ?» አልኩት። አልመለሰልኝም። አመስግኖኝ ሄደ። እዚያች ላይ ነው ሆዴ የተላወሰው፣ አመስግኖኝ ሲሄድ።

እኔም ለእያንዳንዷ ማስገባት ኮሚሽኔን አግኝቻለሁ። ትንሽ ናት፣ ግን አግኝቻለሁ።

አሁን ሰው ሁሉ ሁለት ወሬ ነው የሚያወራው። አንዱ «ኦንላይኑ ሕጋዊ ይሁንና መንግሥት ይቆጣጠረው፣ ግብርም ይሰብስብበት» ይላል። ሌላው «ከሥሩ ይነቀል»። እኔ የቱ ጋ እንደምቆም አላወቅኩም። ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

---

ትኬት ቆራጩ · ሰኞ፣ ማታ 3፡42

እህቴ ልጁ አሳዝኖኛል። ግን በአንድ ልጅ ሁላችንንም አትፍረጂ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ 20 ብር ቆርጬ ኳሴን አያለሁ፣ በቃ። ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። በላቤ ባገኘሁት ብር ማን ያገባዋል?

ደግሞ መንግሥት ራሱ ከ1954 ጀምሮ ሎተሪ ይሸጣል። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ የሚቆርጥ ሽማግሌ ቁማርተኛ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንዲያውም «ይድረስዎ» ነው የሚባለው። እኛ ስንቆርጥ ዱርዬ።

---

ኡሙ ረያን (ደሴ) · ሰኞ፣ ማታ 4፡05

አብሽሪ እህቴ። እኔ በበኩሌ ብዙ አልፈላሰፍም። አል-በቀራህ 219 ስለ መጠጥና ስለ ቁማር ሲናገር ለሰዎች ጥቅምም እንዳላቸው አልደበቀም። ግን ኃጢአታቸው ከጥቅማቸው የበለጠ ነው አለን። ግብሩም፣ የሥራ ዕድሉም፣ ማስታወቂያውም ያው «ጥቅም» የተባለው ውስጥ ነው። ሚዛኑ ግን ከተነገረን ቆየ። ይዘጋ።

---

ትኬት ቆራጩ · ሰኞ፣ ማታ 4፡09

እኔ ክርስቲያን ነኝ እህቴ 😄

---

ኡሙ ረያን (ደሴ) · ሰኞ፣ ማታ 4፡12

እንግዲያው የንስሐ አባትህን ጠይቃቸዋ። የተለየ ነገር ካሉህ ና ንገረኝ፣ ቡናው በኔ ነው።

---

የድሮ ካሸር (ደሴ) · ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤቲንግ ቤት ሁለት ዓመት ካሸር ነበርኩ። ቤቱን አልጠራም፤ ደህና ደመወዝ ከፍሎኛል፣ ቂም የለኝም። ግን ያየሁትን ልናገር።

በመጀመሪያ «ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ልክ አይደለም። ስፖርት ውርርድ ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እየተሰጠው ዓመታት አልፈውታል። በመመሪያው ላይ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «የስፖርት ውርርድ ሎተሪ»። ሎተሪ! ቁማር ከሚል ቃል ለመሸሽ የተሄደው መንገድ ያስቀኛል። እና ጥያቄው መሆን ያለበት የተፈቀደው ነገር ምን ሆኖ ስልካችን ውስጥ ገባ የሚለው ነው።

ሱቅ ውስጥ ስንሠራ በሩ ላይ የዕድሜ ገደብ ተለጥፏል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዩኒፎርማቸውን ጃኬት ደርበውበት የሚገቡ ነበሩ። አንዳንዱን እመልሳለሁ፣ አንዳንዱን አለቃዬ «ተወው» ይለኛል። ቢሆንም ፊት ለፊት ነው፤ ልጁ ያፍራል። ጎረቤት ያየዋል። አጎቱ በዚያ ያልፋል። ደሴ ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ሸዋ በር ያስነጠስከውን ቧንቧ ውሃ ላይ «ይማርህ» የምትባልበት ከተማ ናት።

ሁለተኛ፣ ሱቅ ይዘጋል። ማታ መብራት አጥፍተን፣ መሬቱ ላይ የተበተነውን ትኬት ጠርገን፣ «ነገ» እንላቸዋለን። ያቺ «ነገ» የምትባል ቃል ስንቱን እንዳዳነች አሁን ነው የገባኝ። ስልክ «ነገ» አይልም።

ሌላም የታዘብኩት አለ። አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት ስትቆርጥ ሁሉም ካልገባ አይከፈልህም። አምስቱ የተበላበት ሰው ተሳድቦ ይሄዳል፣ ሳምንት ላይመጣ ይችላል። ዘጠኙ ገብቶለት አንዱ የቀረበት ግን በማግስቱ በር ሳንከፍት ነው የሚጠብቀን። «አንድ ጨዋታ!» እያለ ትኬቷን ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞራል። እንደ ፎቶ።

---

ሐረጎ ላይ ነኝ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

ካሸር ይቺ «አንድ ጨዋታ» ላይ ምን አደረግንህ? የኔዋ ዳሽቦርድ ላይ ተለጥፋለች 🙈 ባለፈው ዓመት በ88ኛው ደቂቃ የገባች ጎል ናት። ከደሴ ኮምቦልቻ በተሳፈራችሁ ቁጥር ታዩዋታላችሁ።

---

ሕግ ተማሪ (ወሎ ዩኒቨርሲቲ) · ማክሰኞ፣ ቀን 6፡20

ካሸሩ ያለው ልክ ነው፣ ትንሽ ልጨምርበት።

ብሔራዊ ሎተሪ እንደገና የተቋቋመበት አዋጅ ቁጥር 535/1999 ነው። በዚያ አዋጅ ተቋሙ ራሱ ሎተሪ ይሸጣል፤ ለሌሎችም ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቆጣጠራል። ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ ነው ማለት ነው። እኔን ከሁሉም የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ቶምቦላ ስትሸጥ ችግር አልነበረውም፣ ቶምቦላ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከአልጋህ አይቀሰቅስህም። አሁን ግን የሚቆጣጠረው አካል ገቢ ባደገ ቁጥር የሚደሰት ከሆነ «ቀንሱ» የሚለው ማነው?

ግብሩም እንዲሁ። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ የሆነ የዕድል ጨዋታ ድል ላይ 15 በመቶ ጣለ። ግብሩ ያረፈው ያሸነፈው ላይ ነው። የተሸነፈውን ማንም አይቆጥረውም፣ በመንግሥት መዝገብ ላይም የለም። የእህታችን 1,250 ብር የትኛው ሪፖርት ላይ ትወጣለች? የትም።

ስለዚህ እኔ «ይፈቀድና ይቆጣጠር» ባይ ነኝ፤ ግን ተቆጣጣሪው ከሻጩ ይለይ። አለበለዚያ ቁጥጥር ሳይሆን ደረሰኝ ነው።

---

ጦሳ ሥር · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15

ሕግ፣ አዋጅ፣ መመሪያ። ወንድሜ ሥራ አለ ወይ? ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ስንቱ ሱቅ ተዘርፎ ሳይነሳ ቀረ። ልጁ 50 ብር ይዞ ምን ይጀምርበት? ቤቲንግ ተስፋ የሚሸጥ ብቸኛው ሱቅ ስለሆነ ነው የሚገባበት። ሥራ ስጡት፣ አቪዬተርን በራሱ ያጠፋዋል።

---

የባንኮኒዋ (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡31

ጦሳ ሥር፣ ወንድሜ፣ ሐሳብህ ይገባኛል። ግን እኔ የነገርኳችሁ ልጅ ሥራ አለው እኮ። ደመወዙን ነው የበላው። እንዲያውም ሥራ የሌላቸው እኔ ጋ አይመጡም፣ የሚያስገቡት ስለሌላቸው።

---

የሂሳብ መምህር (ደሴ) · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ልጆች፣ ፈተና እያረምኩ ነው፤ ግን ይሄን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰሌዳ የለኝም እንጂ ብዙ እስል ነበር።

ሁለት እኩል አቅም ያላቸው ሰዎች ይጫወታሉ እንበል። ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ትክክለኛው ኦድ፣ ማለት ብታሸንፍ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ 2.00 መሆን ነበረበት። የሚሰጥህ ግን ለምሳሌ 1.90 ነው። ከመቶ ብር ላይ አምስት ብር ብቻ ስለሆነች ማንም አያያትም።

አሁን እንዲህ ያለ አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት አገናኝ። አሥሩም የመግባት ዕድላቸው ከ1,024 አንድ ነው። በ10 ብር ትኬት፣ ነገሩ እኩል ቢሆን፣ 10,240 ብር ሊደርስህ ይገባ ነበር። 1.90ን በራሱ አሥር ጊዜ ብታባዛው ግን 613 አካባቢ ነው የሚመጣው። ስለዚህ 6,130 ብር ገደማ ይከፍልሃል። ሕግ ተማሪው ያለውን 15 በመቶ ቀንስ፣ 5,210 ገደማ። ተአምር ሆኖ አሥሩም ገብቶልህ እንኳ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። «ብዙ ቡድን ስታገናኝ ቦነስ እንጨምርልሃለን» የሚሉት ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

አውሮፕላኗ ደግሞ ሌላ ናት። አቪዬተር የጆርጂያ አገር ኩባንያ የሠራው ጨዋታ ነው፤ 97 በመቶ ተመላሽ ነው ይላል። ተማሪዎቼ «መምህር፣ 97 እኮ ከፍተኛ ውጤት ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ፈተና ቢሆን። ግን 97ቱ በአንድ ዙር ነው፣ በአንድ ምሽት አይደለም። 100 ብር ይዘህ ያለህን ደጋግመህ ብታስይዝ፣ ከ50 ዙር በኋላ በአማካይ የምትይዘው 22 ብር ነው። 50 ዙር ስንት ሰዓት ይፈጃል? በደቂቃ ሁለት ዙር ብንል ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

የኳስ ትኬት ዘጠና ደቂቃ ታስጠብቅሃለች። ይቺ ትንፋሽ አትሰጥም። ሁለቱን «ኦንላይን ጨዋታ» በሚል አንድ ስም ጠርቶ በአንድ ሕግ ማስተዳደር በሬና ባቡርን በአንድ የትራፊክ ደንብ እንደመምራት ነው።

---

ሐረጎ ላይ ነኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡58

መምህር ይሄን ሁሉ ከማንበቤ በፊት ቆርጬ ነበር። ዛሬ ማታ ያልቃል። ዱዓ አድርጉልኝ።

---

የሂሳብ መምህር (ደሴ) · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡01

ስንት አገናኘህ?

---

ሐረጎ ላይ ነኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02

አሥራ አራት።

---

እህቱ ነኝ · ረቡዕ፣ ሌሊት 6፡20

ስሜን አልጽፍም። የታናሽ ወንድሜን ነገር ልንገራችሁ።

በእናታችን ስም የሚጣለውን ዕቁብ ሰብሳቢዋ ጋ የሚያደርሰው እሱ ነበር። አራት ጊዜ ሳያደርስ ቀረ። እናቴ ያወቀችው ዕጣዋ ሲደርስ ነው። ሰብሳቢዋ ደጋችን መጥታ ቁጭ አለች፤ ቡና ጠጣች፤ ሁለተኛው ላይ ነገረቻት። እናቴ አልጮኸችም። ሲኒውን ወደ ረከቦቱ መለሰችና «ሦስተኛውን ቅጂ» አለችኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቀዳሁ።

ከዚያ ሁሉ ነገር ሞከርን። ስልኩን ቀማነው፣ ሌላ አመጣ። ጠበል ወሰድነው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ማለ፤ ደግሞ ገባበት።

አንድ ጊዜ ብቻ ሰው የሆነበት ወቅት ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ላይ የሞባይል ዳታ የተቋረጠ ጊዜ። ለሁላችንም መከራ ነበር፣ ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። እኔ ራሴ ሥራዬን ያጣሁት ያኔ ነው። ግን እሱ ተኛ። በልቶ ተኛ። ከአባቴ ጋር ዳማ ተጫወተ። እናቴ «እንዲህ ሆኖ ይቅር» ትል ነበር፣ እኔ ደግሞ እቆጣት ነበር። ዳታው የተመለሰ ሳምንት ፊቱ ተለወጠ።

ስለዚህ ይዘጋ፣ ይፈቀድ የሚለውን እናንተ ተከራከሩ። እኔ ያየሁት ነገር ምክር አልያዘውም፣ መሐላም አልያዘውም። የያዘው መንገዱ ላይ የገባው እንቅፋት ነው።

---

የባንኮኒዋ (ኮምቦልቻ) · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡10

እህቴ፣ ቃል አጠረኝ። አሁን እንዴት ነው?

---

እህቱ ነኝ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡45

አዲስ አበባ ነው። ይደውላል። ብር ሲጠይቅ ድምፁን እለየዋለሁ።

---

ለንደን ሆኜ ሐይቅ ናፈቀኝ · ረቡዕ፣ ቀን 9፡00

እኔ እንግሊዝ አገር ነው የምኖረው፣ ኳሱ ከሚጫወትበት 🙂 እዚህ ኦንላይን ቁማር ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ነው። «ሕጋዊ ይሁንና ይቆጣጠር» ለምትሉት ጥሩም መጥፎም አለኝ።

ጥሩው። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ በክሬዲት ካርድ መቆመር ክልክል ነው፤ በተበደርከው ብር አትጫወትም ማለት ነው። «አግዱኝ» የምትልበት አንድ መዝገብ አለ፣ ጋምስቶፕ ይባላል። አንዴ ስትመዘገብ ፈቃድ ያላቸው ድረ ገጾች ሁሉ ይዘጉብሃል፤ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ከፈለግክ አምስት ዓመት። ብትለምናቸውም ቀኑ ሳይደርስ አይከፍቱልህም። በ2025 ደግሞ የኦንላይን ስሎት ላይ (ሥዕሎች የሚሽከረከሩበት የቁማር ጨዋታ ነው) በአንድ ዙር ማስያዝ የምትችለው ከ5 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ከ18 እስከ 24 ዓመት ላለው 2 ፓውንድ። መምህሩ ያሉትን ፍጥነት እዚህም ደርሰውበታል፤ በአንዱ ዙርና በሌላው መካከል የግድ ማለፍ ያለበት ሰከንድ እንኳ በደንብ ተወስኗል።

መጥፎው። ይሄ ሁሉ የመጣው ነገሩ በፈረንጆቹ 2005 ሕግ ልቅ ከተደረገ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመሃል ያለቀው ሰው አልቋል። የክለቦቹ ማሊያ ላይ የቁማር ድርጅት ስም ደረት ሙሉ ተጽፎ ዓለም ሲያየው ኖረ። ክለቦቹ ራሳቸው ከ2026/27 ጀምሮ ከማሊያ ፊት ለማውረድ የተስማሙት በ2023 ነው። ደሴ ውስጥ ስንት ሕፃን ያንን ማሊያ ለብሶ እንደሚሮጥ አስቡት። ማስታወቂያውን በነፃ ነው የሠራነው።

---

ይነቀል · ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ሕንድ ምን እንዳደረገች ለምን አትናገሩም? በኦገስት 2025 ፓርላማዋ በገንዘብ የሚደረግ ኦንላይን ጨዋታን በሙሉ ከለከለ። ማስታወቂያውንም፣ ባንክ ገንዘቡን ማሳለፉንም። የክሪኬት ቡድናቸው ማሊያ ላይ የነበረው ድርጅት ወዲያው ወረደ። ያን የሚያህል አገር «በቃ» ካለ እኛ ምን ያቅተናል? ለሌባ መስኮት ከፍቶ «በሥርዓት ስረቅ» አይባልም።

---

የድሮ ካሸር (ደሴ) · ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

ይነቀል፣ ወንድሜ፣ ከልቤ ብስማማህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አዲስ አበባ ቤቲንግ ቤቶች ሲታሸጉ ምን እንደሆነ አይተናል። ሰዉ ከሱቅ ወደ ስልክ ገባ። አሁን ደግሞ ቴሌግራም ላይ ቢንጎ አለ። ሂድና እይ። ፈቃድ የለው፣ ግብር የለው፣ ዕድሜ ጠያቂ የለው። አጫዋቹ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ብሩን በአንድ ግለሰብ ስልክ ቁጥር ትልካለህ። ቀን ሙሉ ያገኘኸውን «ላውጣ» ስትል ብሎክ ያደርግሃል። ለማን ትከሳለህ? ቁማር ተበላሁ ብለህ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለህ?

ከሕንድ ግን አንድ ነገር ልውሰድልህ። ባንክ ገንዘቡን እንዳያሳልፍ ያልከው እሱ ነው ቁልፉ። ድረ ገጽ ብትዘጋ ነገ በሌላ ስም ይመጣል፣ ልጆቹ ቪፒኤን ከኛ በላይ ያውቃሉ። ብሩ የሚያልፍበት መንገድ ግን ጥቂት ነው። የባንኮኒዋ እህታችን የቆመችበት ቦታ ነው።

---

የባንኮኒዋ (ኮምቦልቻ) · ረቡዕ፣ ማታ 2፡50

አይ፣ እኔ ላይ አትጣሉት እንጂ። ሰው ብር አስገቢልኝ ሲለኝ «ለምንድነው?» ብዬ አልጠይቅ። ለእናቱ ይላክ፣ ለአውሮፕላኗ ያስይዝ፣ እኔ ማሽኑ ላይ የሚታየኝ ቁጥር ብቻ ነው። ከእኔ ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያዩት ከላይ ያሉት ናቸው።

እነሱ ግን ያዩታል እኮ! አንድ ቁጥር በአርባ ደቂቃ ስድስት ጊዜ፣ እያነሰች እያነሰች ለውርርድ ስታስገባ ይታያል። 500፣ 300፣ 200፣ 100፣ 100፣ 50። ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። የምታንስ ብር ማለት የሚያልቅ ሰው ማለት ነው። ሦስተኛዋ ላይ «እስከ ነገ ጠዋት ቆይ» የሚል መልእክት ቢመጣለትስ? ካሸሩ ያላትን «ነገ»።

---

ሕግ ተማሪ (ወሎ ዩኒቨርሲቲ) · ረቡዕ፣ ማታ 3፡20

ይሄ መመሪያ ሆኖ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው፣ የምሬን ነው። ጀርመኖች ከ2021 ጀምሮ በሁሉም ፈቃድ ያላቸው ድረ ገጾች ላይ በድምሩ በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ እንዳይገባ ገደብ አድርገዋል። በአንዱ ድርጅት ሳይሆን በሁሉም ተደምሮ ነው። እኛ ደግሞ ፋይዳ አለን። የገንዘብ ገደቡም፣ «አግዱኝ» የሚለው መዝገብም በፋይዳ ቁጥር ቢሆን ስልክ በመቀየር አይታለፍም። የሌሊት መዝጊያ ሰዓት ይኑር። ከስልክ ብድር የመጣ ብር ለውርርድ አይለፍ። እና የአውሮፕላኗ ዓይነት ጨዋታ ከስፖርት ፈቃድ ጀርባ ተደብቆ አይግባ።

---

ሐረጎ ላይ ነኝ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡25

በፋይዳ የቁማርተኞች መዝገብ?? ሚስት እየፈለግኩ ነው ጓዶች። የልጅቷ አባት ቀበሌ ውስጥ ነው የሚሠሩት 😂

---

ኡሙ ረያን (ደሴ) · ረቡዕ፣ ማታ 3፡33

ዳሽቦርድህ ላይ ያለችውን ትኬት ካዩ መዝገብም አያስፈልጋቸው። የትናንቱ አሥራ አራትስ?

---

ሐረጎ ላይ ነኝ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡34

አሥራ ሦስት ገባ።

---

የሂሳብ መምህር (ደሴ) · ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

ያ ረቢ።

---

ትኬት ቆራጩ · ዓርብ፣ ማታ 4፡10

አራት ቀን ዝም ያልኩት ተናድጄ ነበር። መምህሩ ላይም፣ ካሸሩ ላይም። ቅዳሜ 20 ብር ነው ብዬ የለ?

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ሱቁ ጭር ሲል የስልኬን የገንዘብ ዝርዝር ከፍቼ አንድ በአንድ ደመርኩ። ወረቀት ላይ፣ በእስክሪብቶ። ከመስከረም ወዲህ ያስገባሁት 9,400 ብር። ያወጣሁት 2,150። ሦስቴ ደመርኩት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ። ያወጣሁትን እያንዳንዷን ቀን አስታውሳለሁ፤ ማን አጠገቤ እንደነበር፣ ምን እንደጋበዝኩ። ያስገባሁትን አንዷንም አላስታውስም። ሌሊት 7 ሰዓት የገባች 300 አለች፣ የማን እጅ ናት እላለሁ።

አሁንም ይዘጋ አልልም። ሰው የራሱን ብር ላድርግበት ያለውን ያድርግበት፣ አቋሜ ነው። ግን ያቺን ድምር በየወሩ፣ ሳልፈልጋት፣ ራሱ ድርጅቱ ቢልክልኝ ኖሮ እዚህ ድረስ አልመጣም ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት» የሚለውን ብቻ ነው የሚልኩት። የሌሊቱንም ዝጉት። እሱ ላይ አልከራከርም።

ኡሙ ረያን፣ የንስሐ አባቴን ገና አልጠየቅኩም።

---

ኡሙ ረያን (ደሴ) · ዓርብ፣ ማታ 4፡18

ቡናው ይጠብቅሃል ወንድሜ። ሳትጠይቅም ና።

---

ይነቀል · ዓርብ፣ ማታ 4፡40

አያችሁ? አስተዋይ የምትሉት ሰው እንኳ 7,250 ብር በልቶታል። አሁንም «እንቆጣጠር» በሉ።

---

የድሮ ካሸር (ደሴ) · ዓርብ፣ ማታ 4፡52

ይነቀል፣ ስለ አውሮፕላኗ ከሆነ እጄን ሰጥቻለሁ፣ እሷን ንቀላት። ስለ ኳሱ ግን ንቀለው ብልህ ወደዚያ የቴሌግራም ቢንጎ ልትገፋው ነው። እዚያ ደግሞ ድምር የሚላክለት የለም። እኔ ሁለቱንም ዓይቻቸዋለሁ፣ አንድ አይደሉም።

---

የባንኮኒዋ (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ይቅርታ፣ ቆየሁ። ልጁ ተመልሶ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሱቅ ስከፍት። ሊያስገባ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩበት። ከጓደኛው የተበደረው 1,500 ብር ይዟል። «እታለም፣ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ። በቀን 100 ብቻ ስጪኝ። ብለምንሽም አትጨምሪ» አለኝ። ሳቅሁ፣ ባንክ ነኝ እንዴ ብዬ። እሱ አልሳቀም።

የዱቤ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ስሙን ሳይሆን «ካልሲ» ብዬ።

ቅዳሜ 100 ወሰደ። እሑድ 100። ትናንት ማታ ሊቨርፑል ሲጫወት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ያቺው ድንጋይ ጋ። ምንም አላለም፤ እኔም ምንም አላልኩም። ሻይ ሰጠሁት፣ ጠጥቶ 100ዋን ተቀብሎ ሄደ።

ዛሬ 300 ጠየቀኝ። «ተነጋግረናል» አልኩት። «ጫማ ነው» አለኝ። እግሩን አየሁ። ሶሉ ከፊት ተገንጥሎ በፕላስቲክ ገመድ ታስሯል። ትንሽ አመነታሁና ሰጠሁት።

---

እህቱ ነኝ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡41

ገዛው?

---

የባንኮኒዋ (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡44

ከሥራ ገና አልወጡም። ማታ 4 ሰዓት ነው ፈረቃው የሚለቀው። አልዘጋሁም፣ እየጠበቅኩት ነው።